በእታገኝ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ስለቆመው ብረት ለባሽ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ዓለምሰገድ፣ የሰፈራችን የግድግዳ ውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሚዛን ተፈሪ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሚዛንን ዝናብ የሚችል ጤና ይስጥልኝ። እኔ በእታገኝ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ያንን ከራስ እስከ እግሩ ብረት የለበሰ ፈረሰኛ የሣልኩት ታፔላ ጻፊ ፀደንያ ነኝ። ሰውየው የጥንት የፈረንጅ ተዋጊ ቢመስልም በብረቱ ላይ የደረበው አረንጓዴ ማሊያ የቡና ተራ ቡድናችን ነው፤ ዘንድሮ ኳስ አላሳልፍም ያለውን በረኛችንን ሕዝቅያስን ለማሞገስ ሣልኩት። ስጨርስ ከደስታዬ ብዛት ከመሰላሉ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ኮሚቴዎ እስከ ዓርብ ካልታረመ በኖራ ይጥፋ የሚል ደብዳቤ ልኮ ስላከበረኝ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1. ጦር ያለ ፈቃድ ይዟል ስላላችሁ አመሰግናለሁ። ከግድግዳ ወርዶ ሰው የወጋ ሥዕል እስካሁን ባይሰማም፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ጦሩን በቡና ቅርንጫፍ ለውጬዋለሁ።

2. ከቅዳሴ የሚመለሱ እናቶች ፈረሰኛው ሰማዕት እየመሰላቸው እጅ ይነሣሉ፣ ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችንም ጣዖት ቆመብን ብለው አዝነዋል ብላችኋል። እውነት ነው። ቡና ተራ ጎል ባገባ ቁጥር ግን ሁለቱም ወገኖች እዚያው ግድግዳ ሥር ተቃቅፈው ይዘላሉ። ይህን ስላላዩ አልቀየምዎትም፤ የመኪናዎ መስታወት ጥቁር ነው።

3. ፊቱ በብረት ስለተሸፈነ ማንነቱ አይታወቅም፣ ይገለጥ መባሉ ከሁሉ ይልቅ አስጨነቀኝ። ሕዝቅያስ ዓይናፋር በመሆኑ ፊቴን እንዳትሥዪ ብሎ አስምሎኛል። ሥዕሉ ቢጠፋብኝ ደግሞ አልችልም፤ ዕድሜዬን ሙሉ «ዱቄት አለ» እና «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ስጽፍ ኖሬ፣ ልቤ ወዶ የሣልኩት እሱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ትእዛዝዎን አንዲት ሳላጓድል ፈጽሜያለሁ። እሑድ ከቴፒ ጋር ስንጫወት መጥተው እንዲመለከቱት በትሕትና እጋብዝዎታለሁ።

ከመሰላሌም ከፍ ባለ አክብሮት፣ ቀለም የነካው እጄ ልብስዎን እንዳያበላሽ ወደኋላ አድርጌ፣ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ፀደንያ ጴጥሮስ

ማስታወሻ፦ ከተማው በሙሉ የሚያውቀው፣ ፈቃድ አምጣ የማይባል ፊት ፈልጌ የእርስዎን ሣልኩበት። በዚሁ ሁለተኛው ቅሬታም አብሮ ተፈታ፤ ከዚያ ወዲህ እጅ የነሣ አንድም ሰው የለም። አሁንም ይጥፋ ካሉ ኖራው እታገኝ ዘንድ ተበጥብጦ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ይጀምሩ።