ስም ያላወጣህለት ሙዚቃ

መስፌ፣ የኔ ዓለም፦

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ጊዜ ያረሳሳል ይሉኛል። ሰሞኑን ዕረፍት የነሳኝ ግን መርሳት አይደለም፤ አንተን በየፊናው የሚያስታውሰኝ ሰው መብዛቱ ነው። ስፌት ላይ እቀመጥና አንድ ቅድ ሳልጨርስ እነሳለሁ። በር እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ስልኬን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ነገሩ ሁሉ የተነሳው ካንተ ነውና ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። በራችን ላይ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጠፈበት፣ አቧራው ቀነሰልን። የስፌት መኪናዬን ወደ መንገድ ዳሩ ክፍል አወጣኋት፤ የሙሽሮች ዲራ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ሥራ አላጣሁም። ሳምሪ በቁመት እኔን አልፋኛለች። ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባች። የፊዚክስ አስተማሪ ልጅ ሆና ፊዚክስ አትወድም፤ ካንተ የወሰደችው ጊታሩን ብቻ ነው። የሙዚቃ ጓደኛህ ማህድ አዲስ ክር ገዝቶ አሰረላት፣ እሁድ እሁድ እየመጣ ያስተምራታል።

ይህን ሁሉ ያመጣችውም እሷ ናት። ባለፈው ክረምት የድሮውን ላፕቶፕህን ስታስጠግን አንተና ማህድ የቀዳችሁት ያ ሙዚቃ ተገኘ። ታስታውሰዋለህ፣ ዘፋኝ የለበትም። ኪቦርዱ ከሩቅ ይጎተታል፣ ጊታርህ በድምፅ መለወጫ ፔዳሉ ውስጥ አልፎ አንዴ እንደ ሰው ይጮኻል፣ አንዴ ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። ሳይኬደሊክ ሮክ ይባላል ብለኸኝ ነበር፤ እኔ ‘ያ የሚያስፈራው ክላሲካል’ ነበር የምለው። ስም አላወጣህለትም። ሳምሪ ፎቶህን አድርጋ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። ዘመድ አዝማድ ይሰማዋል ብለን ነበር፤ አገር ሰማው።

እራት ስሠራ ሰዎች የጻፉትን ታነብልኛለች። አንዱ ‘ጅብ ከቦት ያደረ ሰው ነው’ ይላል። ድሬዳዋ ያሉ የባቡር ጡረተኛ ‘ተሳስታችኋል፣ ይህ ሊቶሪና ነው፤ አዲጋላ ጣቢያ ቆመን ስንጠብቅ ገና ባቡሩ ሳይታይ ሐዲዱ እንዲህ ያፏጭ ነበር’ ብለው ጻፉ። አንዷ የከዳት ፍቅረኛዋን ሰማችበት። ሌላው ጂን አለበት፣ ቤት ውስጥ እንዳትከፍቱት ብሎ ይመክራል፤ እሱ ግን ደጋግሞ ሰምቶታል። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው ‘ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ነው ልጄ፤ ሞቱን አውቆት ነበር’ አሉኝ። የዚያን ቀን ወጥ አሳረርኩ። ስትቀዳው እኮ ጤነኛ ነበርክ፤ ጉበትህን መታመምህን ገና አናውቅም። ወይስ አንተ ታውቅ ነበር?

የትኛው ነው መስፌ? በሕይወት እያለህ ስጠይቅህ ‘አንቺስ ምን ሰማሽ?’ ብለህ ትመልስልኝ ነበር። ያኔ ያስቀኝ ነበር፤ አሁን ያናድደኛል።

ከዚያ አንድ የማናውቀው ሰው ሙዚቃህን ወስዶ በተቃጠሉ ሱቆች ፎቶ ላይ ጫነው። ‘ይህ የዚያ የሐምሌ ጩኸት ነው፤ ደማችንን እንመልሳለን’ ብሎ ጻፈበት። ከሥሩ ሰው ተሰዳደበ። ጅግጅጋን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ያንተን ጊታር ከፍተው ተራገሙ። ቪዲዮው ሲዞር ሲዞር ሆዳን ስልክ ላይ ደረሰ።

ሆዳንን ላንተ ማስተዋወቅ አይገባኝም፤ ሳምሪ ያኔ ልጅ ስለነበረች ነገ ስታነበው እንድታውቀው ብዬ ነው። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማው ሲታመስና ሶማሌ ያልሆነው ሲታደን፣ ሶማሌዋ ጎረቤታችን ሆዳን ሦስታችንንም ጓዳዋ አስገብታ፣ ከወተት ጀሪካኖቿ ኋላ ደብቃን፣ በሩ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀመጠች። የመጡት ሰዎች ሲጠይቋት ‘እዚህ ያሉት የኔ ሰዎች ናቸው፤ መግባት የፈለገ እኔን ረግጦ ይለፍ’ አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ወተታችንን በራሷ እጅ ሳታደርስ ቀርታ አታውቅም። ቪዲዮውን ካየች በኋላ ግን ወተቱን በሰው ትልክልኝ ጀመር።

ተነስቼ የሄድኩት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ማህድ ዘንድ። ለሠርግ ሞንታርቦ ሲጭን አገኘሁት።

‘እውነቱን ንገረኝ፣ መስፍን የዚያን የሐምሌውን ነው የተጫወተው?’ አልኩት።

ገመድ መጠቅለሉን ተወ። ‘እኔ እንጃ እህቴ። ግርግሩ ካለፈ በኋላ የተገናኘነው የሠርግ ዘፈን ልንለማመድ ነው። የአንዱ ሞንታርቦ ስፒከር ተቀዶ ሲያቃስት ላጠፋው ስል፣ ተወው አትንካው አለኝ። ዝም ብሎ ገባበት፣ ተከተልኩት። እኔ ሀርሺን ከብት እየጠበቅኩ ያደግኩ ነኝ፤ የሰማሁት ደመና ነው። ሰውም ከብቱም አንጋጦ እያየው ሳይዘንብ የሚያልፍ ደመና። ስንጨርስ መስፍን ዓይኑን ጠረገ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም።’

ስወጣ ከገባሁት ብሶብኝ ነበር። ባጃጅ ይዤ በቀጥታ ሆዳን ወተት የምትሸጥበት ገበያ ወረድኩ። ሰው እያስተናገደች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ሰዉ ሲቀንስ ‘ባልሽ እንዲህ ነው ያሰበን?’ አለችኝ።

‘ፎቶውንም ጽሑፉንም እሱ አላደረገውም። ሙዚቃውን ብቻ ስሚው። ከሰማሽው በኋላ ሂጂ ካልሽኝ እሄዳለሁ’ አልኳት።

የጆሮ ማዳመጫውን በሻሿ ሥር አስገባች። መጀመሪያ ፊቷን አኮሳተረች። መሃል ላይ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ጊታሩ ብቻውን ያቺን አጭር ዜማ ሲደጋግም፣ ጀሪካን የያዘው እጇ ቆመ። ማዳመጫውን ነቀለችው።

‘ወላሂ፣ ይሄን አውቀዋለሁ። ጓዳ ውስጥ ሆኖ ልጅቷን ሲያባብልበት የነበረው ነው። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሰው ይሰማዋል ብዬ ልቤ ሊቆም ነው። በክርኔ በሩን ስመታ ዝም ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጀምራል።’

እኔ አጠገብህ ነበርኩ መስፌ፣ ትከሻህ ትከሻዬን ነክቶ። ስታንጎራጉር ግን አልሰማሁም፤ ጆሮዬ የነበረው ውጭ በሚሄደው እግር ላይ ነው። ሳምሪን ጠየቅኳት፤ እሷም የምታስታውሰው የወተቱን ሽታ ብቻ ነው። ሆዳን እውነቷን ይሁን፣ ወይም እሷም እንደ ሌላው የራሷን ሰምታ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ገበያው መሃል ተቃቅፈን አለቀስን። ያዩን ሴቶች መርዶ መስሏቸው ‘አላህ ያጽናችሁ’ አሉን። አሜን አልን።

ሳምሪ ሆዳን ያለችውን ጽፈን እንለጥፈው ብላ ነበር። ሆዳን እምቢ አለች። ‘በእሱም ይጣሉበታል። ማን እንደተጫወተው ብቻ ጻፉ፤ ሁለቱም የጅግጅጋ ናቸው በሉ’ አለች። እንዳለችው አደረግን፦ ጊታር መስፍን፣ ኪቦርድ ማህድ፣ ሁለቱም የጅግጅጋ። ከሥሩ እኔ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ እባካችሁ እሳት ላይ አትጫኑት።

ለዚያ ለቪዲዮው ሰውዬ ደግሞ ሆዳን ራሷ በድምፅ ላከችለት። በዚያ በምታውቀው አማርኛዋ፣ ሳትቆጣ፣ ‘ልጄ፣ እኔ እዚያ ነበርኩ። አንተ ነበርክ?’ አለችው። ከቀናት በኋላ ቪዲዮው ጠፋ። አፍሮ ይሁን ሌላ የሚያቀጣጥልበት አግኝቶ አላውቅም።

ሆዳን ተመልሳ መምጣት ጀምራለች። እፎይ አልኩ ብልህ ግን ውሸት ነው። ትናንት አርባ ምንጭ ያለ ሰው ‘ሐይቅ ላይ መንገድ የጠፋው ታንኳ ነው’ ብሎ ጻፈ። እጄ ላይ የነበረውን ዲራ ጥዬ ተነሳሁና ቀዘፋ ፍለጋ እንደገና ሰማሁት። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ይለኛል፣ እሱንም እፈልጋለሁ። ሙዚቃህን በሰዎች ጆሮ ሁሉ እየዞርኩ ስሰማው እውላለሁ፤ አንተን የማገኝህ እየመሰለኝ።

አንድ ቃል ግን እገባልሃለሁ። ሙዚቃው ምን ማለት ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ አላውቅም እለዋለሁ። የተጫወተው ሰው ማን ነበር ብሎ የሚጠይቀኝ ከመጣ ግን፣ ሥራዬን አቁሜ፣ ወንበር ስቤ፣ ተቀመጥ እለዋለሁ።

ያንተው አስቴር
ጅግጅጋ