ስምንት ሜትር ውሃ

ይድረስ ኮምቦልቻ ላለችው እናቴ፣ ከሱዳኗ ባሕሪ ከተማ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? ዝናቡስ ገባላችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አማርኛዬ ከተሰባበረ ታገሺኝ፤ ካንቺ ከተለየሁ ወዲህ በአማርኛ የሚያናግረኝ የለም።

ፖርት ሱዳን ባሕር ውስጥ ቱሪስት አስጠልቃለሁ ብዬሽ ነበር። የት እንደምወስዳቸው ግን ደብቄሻለሁ። አባዬ ሰመጠባት የተባለችው መርከብ ጋ ነው። መጀመሪያ የአየር ሲሊንደሩን አዝዬ የወረድኩ ቀን መነጽሬ ውስጥ አለቀስኩ። መርከቧ ያለችበት ጥልቀት ስምንት ሜትር ብቻ ነው፤ ፀሐይ እስከ ውስጧ ትገባለች። እሱ ያበስልበት የነበረውን ወጥ ቤት አገኘሁት። ምድጃው ላይ ቢጫ ዓሦች ይመላለሳሉ። አጥንቱን ፈለግሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውስጡ ማንም የለም።

ስወጣ ጀልባ ነጂውን፣ ሽማግሌውን አብዱልሰላምን፣ እዚህ ስንት ሰው ሞተ አልኩት። ወላሂ አንድም አልሞተም፣ ጭስ ማውጫዋ ከውሃ በላይ ነበር፣ ሁሉንም በጀልባ ያወጣናቸው እኛ ነን አለኝ። ወጥ ሠሪው ዐወደላስ ስለው፣ ባሕሪ ገብቶ የብየዳ ወርክሾፕ ከፍቷል ሲባል ሰምቻለሁ አለ። ሰመጠ የሚለውን መልእክት የላከብሽ ራሱ አባዬ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ጦርነቱ ጋብ ብሎ መንገዱ ሲከፈት ወደ ባሕሪ መጣሁ። አንቺ ሱዳን ሳለሽ አል-ጣኢፍ ሰፈር የሰው ልብስ ስታጥቢ፣ የእሱ ቤት ከወንዙ ድልድይ ማዶ ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ነዳ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ግንባሯ የኔ ግንባር ነው። ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ተኩስ ስለነበር መቃብር ድረስ መውጣት አልተቻለም፣ አባቴን እዚሁ ቀበርነው አለችኝ። ባለፈው ዓመት፣ በኮሌራ። ከአጠገቡ እናቷ አለች። አንተ ማነህ ስትለኝ፣ የድሮ ወዳጁ ልጅ ነኝ አልኳት።

እማ፣ አግቢ ባሉሽ ቁጥር፣ ባሕር የወሰደው ሸሂድ፣ ሰማዕት ነው፣ ባሌ በአኺራ ይጠብቀኛል እያልሽ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው መለስሽ። ይህን ደብዳቤ ሦስቴ ጽፌ ቀደድኩት። እውነቱን ብቻ ጻፍልኝ ስላልሽኝ ያየሁትን ጻፍኩ። አትቀየሚኝ።

አላህ ልብሽን ያጽናው፣ ዕድሜሽን ያርዝመው። ነዳ ብቻዋን ናት። ለኔ ዱዓ ስታደርጊ ስሟን ጨምሪልኝ።

ልጅሽ