በእማዬ ቀለበት ውስጥ የተያዘው ሻል

ውድ እታለሜ፣

እንዴት ነሽልኝ? ደረጃ ስትወጪ የሚቆረጥምሽ ጉልበትሽስ ለቀቅ አደረገሽ ወይስ እንደ ልማድሽ "ደህና ነኝ" እያልሽ እየደበቅሽው ነው? ጋሼስ እንዴት ነው? ሳሉስ ተወው? ሙሽራይቱ ልጅሽስ፣ የሠርጉ ሽር ጉድ እንዴት ይዟታል? ታናሽ ወንድሟስ ቁም ነገር ጀመረ ወይስ ዛሬም የበላበትን ሳህን አያነሳም? የሁላችሁንም ደህንነት እየዞርኩ እጠይቃለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንግዲህ ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው፤ ልቤ ግን ከቅዳሜ ወዲህ ቁጭ አላለም። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ሁለቴ ተነስቻለሁ፤ አንዴ መስኮቱን ልዘጋ፣ አንዴ የዘጋሁትን ልከፍት።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ በፊት እዚሁ ሕንፃችን ሥር ሱቅ የነበረው ልብስ ሰፊ ነው። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስዳል፣ ነገ ጠዋት ይበራል። አሁን ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። እስከዚያ የምነግርሽ ነገር አለኝና አታቋርጪኝ። በደብዳቤ ማቋረጥ እንደማትችይ አውቃለሁ፤ ግን ፊትሽ ይታየኛል።

ሻል መሥራት እንደጀመርኩ ስነግርሽ "ሥራ ፈታሽ እንዴ?" ብለሽኝ ነበር። እንዲያውም ሥራ ስለበዛብኝ ነው እቴ። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ሳጥብና ስተኩስ ውዬ ቤት ስገባ እጄ ማረፍ እምቢ ይላል፤ ጠረጴዛ ያንኳኳል፣ የቀሚሴን ጠርዝ ይፈትላል። ምድር ቤት የምትኖረው ጡረተኛ ነርስ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አይታኝ "ለዚህ እጅ መድኃኒቱ ክር ነው" አለችና ሁለት የሹራብ መርፌና አንድ ድብልብል የሱፍ ክር ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ቤት ስድስት ሴቶች እንሰበሰባለን። ወፍራም ሹራብ እንዳይመስልሽ። እንደ ዳንቴል ክፍት ክፍት ያለ፣ ቅጠል ቅጠል የሚወጣለት፣ ትከሻ ላይ መኖሩ እንኳ የማይታወቅ ሻል ነው። እዚያው ማጠቢያ ቤት አብራኝ የምትሠራው የቤት ጓደኛዬ ግን አፏ አያርፍም፤ "ሰው ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ ገንዘብ አውጥቶ ቀዳዳ ይሠራል?" ትለኛለች።

መከራውን ባየሽው! መርፌው ላይ የሚደረደረውን እያንዳንዱን የክር ጥምዝ እኛ "ዐይን" ነው የምንለው። የሻሉ ሰፊ ቦታ ላይ ሦስት መቶ አርባ ዐይን አለ። አንዷን ከዘለልሽ ቅጠሉ ይንጋደዳል፤ መንጋደዱ ደግሞ ወዲያው አይታይም፣ አሥራ አምስት መስመር ከሄድሽ በኋላ ነው የሚያፈጥብሽ። ያን ጊዜ መተርተር ነው። ብልሆቹ በየአሥር መስመሩ ሌላ ቀለም ያለው ቀጭን ክር በዐይኖቹ ውስጥ ያሾልካሉ፤ ከተሳሳቱ እስከዚያ ድረስ ብቻ ፈትተው ይቆማሉ። እኔን ደግሞ ታውቂኝ የለ፤ "አሁን ማን ክር ያሾልካል" ብዬ አልፈዋለሁ፣ ከዚያ ሙሉውን ስፈታ እገኛለሁ። ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ! እማዬ ጠዋት ማታ "ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ" ስትለኝ የኖረችው ለካ እውነቷን ነው።

የመጀመሪያውን ሻሌን አራት ወር ለፍቼ ጨረስኩና ምን ባደርገው ጥሩ ነው? ከፎጣዬ ጋር ደባልቄ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ልብስ ያጠብኩ ሴት! የሕፃን ሸሚዝ አክሎ፣ እንደ ቆርበት ጠጥሮ ወጣ። የቤት ጓደኛዬ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቀዳዳው በራሱ ተደፈነ" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁና መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ደስታም አለው፣ ለምን ይዋሻል። ሻል ከመርፌው ሲወርድ የተጨማደደ መወልወያ ነው የሚመስለው። ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ፣ አልጋ ላይ ዘርግተሽ፣ ጠርዝ ጠርዙን እየወጠርሽ በስፒል ስትሰኪው ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ፍንትው ይላሉ። ያን ጊዜ እጄ ዝም ይላል። እስኪደርቅ መሬት ላይ እተኛለሁ፣ ቅር አይለኝም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስለ እማዬ ቀለበት ነው። ከቤት ስወጣ ከጣቷ አውልቃ ስትሰጠኝ "ያንቺ አይደለም፣ አደራ ነው፤ ከሁለታችሁ መጀመሪያ ሴት ልጅ ለምትድረዋ ይሰጣል" ያለችውን አንቺም በሩ ላይ ቆመሽ ሰምተሻል። አምና ልጃችን ስትታጭ "ቀለበቱን ላኪው" ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔም "ሻል እየሠራሁላት ነው፣ ሲያልቅ ሁለቱን አንድ ላይ እልካለሁ" አልኩሽ። ደግመሽ ጠየቅሽኝ፤ "ትንሽ ቀረኝ" አልኩሽ። በሦስተኛው ደብዳቤሽ ስለ ቀለበቱ አንድ ቃል አልነበረም፤ ሰላምታሽም አጥሮ ነበር። ገብቶኛል እታለም፣ ልጅ አይደለሁም።

ሻሉ ከስድስት ወር በፊት ማለቅ ይችል ነበር። ጠርዙ አላማረኝም እያልኩ ሁለቴ ፈታሁት። ነርሷ "ምኑን ነው የምትፈቺው? ደህና አይደለም እንዴ?" ስትለኝ "ላንቺ አይታይሽም" እላት ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን የምፈታበት ምክንያት አለቀብኝና ጨረስኩት። እንዲያው ሥራዋን ራሷ አመሰገነች እንዳትዪኝ እንጂ በሕይወቴ እንደሱ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ቅዳሜ ይዤው ወረድኩ። ነርሷ የዱሮ ሻል ሠሪዎች መፈተኛ ነው የምትለው ነገር አለ፤ ደህና ሻል በጣት ቀለበት ውስጥ ሾልኮ ማለፍ አለበት። ልሙጡን የራሷን ቀለበት አውልቃ ሰጠችኝ። እኔ ግን ምን ቆርጦኝ "የለም፣ ለልጅ ልጇ ነውና በአያቷ ቀለበት ነው የሚያልፈው" አልኩ። በሳሙና አወለቅሁት፤ እማዬ ካጠለቀችልኝ ወዲህ ከጣቴ ወርዶ አያውቅም ነበር።

ቀይ ፈርጡን የያዙት አራት ጥፍሮች አሉ አይደል? አንዱ ተጣሞ ኖሯል። ሻሉ እስከ ግማሹ እንደ ቅቤ አለፈ፣ ሴቶቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ያዘ። ነርሷ "ተይ! አትጎትቺው!" እያለች ነው የጎተትኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፤ እኔ የምለቅመውም አላገኘሁ። ክሩ ፀጉራም ነው፣ ጥፍሩ ሥር ገብቶ ተጠመጠመ፣ በጎተትኩት ቁጥር ቀለበቱ ውስጥ እየታጨቀ ሄደ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም።

ጉዱ ግን ይሄ አይደለም። ሴቶቹ ሁሉ "ወይኔ!" ብለው ሲጮሁ እኔ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። "እንግዲህ መላክ አልችልም" አልኩ በሆዴ። ከዚያ በራሴ ደነገጥኩ። ቁጭ ማለት ያቃተኝ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነው። እማዬን ያስታመምሻት አንቺ ነሽ፣ አፈር ያለበስሻትም አንቺ ነሽ። ለእኔ የደረሰኝ ስልክ ነው፤ ያውም በሥራ ሰዓት፣ ማሽኖቹ እየጮሁ፣ ግማሹን ሳልሰማው። እዚህ ያለኝ የእማዬ ነገር ያ ቀለበት ብቻ ነው። እጄን ሳይ የእሷን እጅ ነበር የማየው። በደብዳቤ ይህን ልነግርሽ ስንቴ ብዕር አንስቼ ስለ ሻሉ ጻፍኩልሽ።

ሰኞ ወርቅ ሠሪ ጋ ሄድኩ። ቀለበቱን ቆርጦ ከከፈተው ክሩ ይላላል፣ ሻሉ ሳይነካ ይወጣል፣ ከዚያ መልሶ ይበይደዋል፤ የሻይ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። ነገር ግን የውስጥ በኩሉ በእማዬ ጣት ተበልቶ ሳስቷልና አዲስ ወርቅ መጨመር አለበት። "ልክ እንደ አዲስ ይሆናል" አለኝ፣ ደስ የሚለኝ መስሎት። ነጥቄ ከእጁ ወሰድኩት። ማክሰኞ ነርሷ ዘንድ ወረድኩ። ሻሉ ከተቆረጠ መሐሉ ላይ መዳፍ የሚያክል ክፍት ይሆናል፤ ዐይኖቹም ካልተያዙ ተራ በተራ እየለቀቁ ይወርዳሉ። ቢጠገንም ያስታውቃል፣ ለሠርጉ ደግሞ አይደርስም። የቤት ጓደኛዬ "እንደተያያዙ ላኪያቸውና እዚያው ይፍረዱ" አለችኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይሄኛው ምክር በጣም ተመቸኝ። ትናንት ሁለቱን በአንድ ጨርቅ ጠቅልዬ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፈታሁት።

አሥር ሰዓት ሆነ። እስቲ ሰላምታዬን ላድርስ፣ የቀረውን እየጻፍኩ አስባለሁ። ጋሼን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ለሳሉ መድኃኒቱ ጭሱን መተው ነው በይልኝ፣ ከእኔ ሲሰማ አይቆጣም። ለታናሽዬው ሳህኑን እንዲያነሳ አክስትህ አዛለች በይው። ያጎታችንን ሚስት፣ ማዶ ያሉትን ጎረቤቶችሽን፣ የጠየቀኝን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ሙሽራዋን

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩት። የሻሉን ፎቶ ልኬላት ባለፈው በስልክ "አክስቴ፣ ከሱ ሌላ ትከሻዬ ላይ አላደርግም፣ ጓደኞቼ ቀንተው ሊሞቱ ነው" ብላኛለች።

ተነስቼ መጣሁ። ሻሉን ቆረጥኩት።

ሦስት ቦታ ነው የቆረጥኩት። ነርሷን ጠርቻት ወደ እኔ ወጥታለች፤ አጠገቤ ተቀምጣ የለቀቁትን ዐይኖች በቀጭን መርፌ እየለቀመች ነው። ይጠገን አይጠገን አላውቅም። ለሠርጉ እንደማይደርስ ግን ለልጅቷ ንገሪልኝ፤ እኔ ብደውልላት ሳልነግራት ስልኩን እዘጋዋለሁ። ምክንያቱን ከጠየቀችሽ ደብዳቤውን ሙሉውን አንብቢላት፣ አላፍርም። ከጥፍሩ ሥር ትንሽ ነጭ ክር ቀርቷል፣ እዚያ ወርቅ ሠሪ በወስፌ ያውጣላችሁ፤ የተጣመመውንም ያቃናው። ሌላውን እንዳይነካው።

ሙሽራዋን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ቀለበቱን አንቺ በእጅሽ አጥልቂላት። እኔ በሁለት ጣቴ ጫፍ ይዤ ከክሩ አወጣሁትና እንዲሁ በቀጥታ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት። ጣቴ ላይ አላደረግሁትም እታለም። ባደርገው ኖሮ ልብስ ሰፊው ባዶ እጁን ነበር የሚመጣልሽ።

ታናሽሽ

ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ሐሙስ፣ ጥር 14 ቀን፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ