የማያመው ንፍፊት

ለልጄ፣

ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ መነጽሬን ካደረግሁ ክርም በመርፌ አስገባለሁ። አንቺስ ደህና ነሽ? ባልሽ፣ ልጆቹ? የትንሿ ሳል ለቀቃት? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ደውላ ያወራችልሽን አትስሚ።

እርግጥ አንገቴ ላይ ያለውን ንፍፊት ያገኘችው እሷ ናት፣ ኮሌታ ስትለካልኝ። ደነገጠች። እኔ ግን ደስ አለኝ። ለምን ብትይ፣ ለጉልበቴ ሆስፒታል የሄድኩ ጊዜ ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አስረድቶኛል። ከደም ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ አለ፣ ሊምፍ ይሉታል። እሱን ለቅመው ወደ ደም የሚመልሱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ መንገዱ ላይ ንፍፊቶች እንደ ኬላ ተቀምጠዋል። እዚያ ነጭ የደም ሴሎች ጀርሙን ይፈትሹታል፣ ይዋጉታል፤ መልኩንም ስለማይረሱ ሲመለስ ቶሎ ይይዙታል። ክትባት ማለትም የሌባውን ፎቶ አስቀድሞ ማሳየት ነው። ዕድሜ ልኬን የፋብሪካ በር ጠብቄ ይሄ ይጠፋኛል? ንፍፊቱ ሲያብጥ ዘበኞቼ ሥራ ላይ ናቸው ብዬ ተውኩት። ሳያመኝ ሲከርም ጭራሽ ጎበዞች ናቸው አልኩ።

ልብስ ሰፊዋ ስትነዘንዘኝ ሄጄ ለሐኪሙ አሳየሁት፤ ዳሰሰው። የሚያመውና ቆይቶ የሚጎድለው ብዙ አያሰጋም አለኝ። «አባቴ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ጠጥሮ የማያመው ነው። ይሄን አውጥተን በላቦራቶሪ እንየው።»

እምቢ አልኩት። ለእናትሽ የጡት ሕመም ብለው የብብቷን ንፍፊቶች ሲያወጡባት፣ ውሃው መመለሻ አጥቶ ክንዷ እንዴት እንዳበጠ ታውቂያለሽ፤ ትራስ ላይ የማስቀምጥላት እኔ ነበርኩ። የአንዱ መውጣት እንደዚያ አያደርግም ቢለኝም ጥዬው ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እጄ አንገቴ ላይ ነው። በር ላይ ሳለሁ የሚጮህ ዘበኛ አስፈርቶኝ አያውቅም፤ የሚያስፈራኝ ሌባ አልፎት ምንም ያላለው ነበር። ተመልሼ ሄድኩና እንዲያወጡልኝ ለሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ያዝኩ።

እስከዚያ ያለብኝን ራሴ እጨርሳለሁ፣ ማንም እንዳይገባብኝ። ከአናጢው የተዋስኩትን መሰላል እመልሳለሁ። ልብስ ሰፊዋን ወሬኛ ብያታለሁ፣ ይቅርታ እላታለሁ፤ የበሯንም ማጠፊያ እጠግናለሁ። ለአንቺ ደግሞ መልስ አለብኝ። «አባዬ፣ ፈርተሃል እንዴ?» ስትይኝ ስልኩን ዘግቼብሻለሁ። ይሄን በስልክ አልመልስም። ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ ካገኘሁሽ ግን በአፌ እነግርሻለሁ።

ፈጣሪ ዓይኑን ከልጆችሽ ላይ አያንሳ።

ያው ችኮው አባትሽ