ለቦርሳዎች ዮጋ ለሚያስተምረው ማዕከል

ለተከበሩ አቶ ጉክ ዶንግማን
የሶልባት ሰፈር የነዋሪዎች ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት (ካሉ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ወገብዎ እንዴት ነው? ስለ ወገብዎ አጥብቄ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በቢሮዎ የመስታወት በር በኩል ሳይ ወንበርዎ ላይ የሚርገበገብ የማሳጅ ትራስ አለ፤ ሰው ሳይቀመጥበት ሲርገበገብ ይውላል። እርስዎ ባይኖሩም ትራሱ ከሥራ ገበታው አንድም ቀን ቀርቶ እንደማያውቅ ልመሰክርልዎ እወዳለሁ። እኔ ግን ደኅና አይደለሁም፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ስሜ ታክ ኦክቡን ይባላል፤ ዕድሜዬ ስድሳ ሦስት ነው። የሦስት መቶ ተማሪ ሩዝ የሚቀቀልበትን ድስት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሳነሳና ሳወርድ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ ወገቤ ግን ከእኔ ቀድሞ ነበር የወጣው። ባለቤቴን ዮም ጊቾልን የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አይታዘዝለትም። ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ፣ ተመልሶም ወደ አልጋ የማነሳው እኔ ነኝ። ባለፈው ግንቦት አንድ ቀን ጠዋት ላነሳው ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ ያዘኝና ሁለታችንም አልጋውና ቁም ሳጥኑ መሃል ወደቅን። ጎረቤት ደርሳ እስክታነሳን አንድ ሰዓት ተኩል እዚያው ተጋድመን ቆየን። ባለቤቴ በተጣመመ አፉ፣ «አንቺ ተነሺ፤ እኔ እዚሁ ይሻለኛል» አለኝ። አለቀስኩ፤ ማልቀሴን ለእርስዎ ስጽፍ አላፍርም።

ወገቤን ያየችው ሐኪም ዮጋው የደረቀውን እንደሚያፍታታልኝ፣ ፒላቴሱ ሆዴንና ጀርባዬን እንደሚያጠነክርልኝ ነግራኝ፣ ሁለቱን አዋህዶ የሚያስተምር ቦታ በአቅራቢያዬ እንድፈልግ አዘዘችኝ። በዚያው ሰሞን የሰፈሩ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ከቹሶክ የመኸር በዓል በኋላ ቤታችን እንደምትመጣ አሳወቀችኝ። ባለቤቴን ብቻዬን ከአልጋም ከመሬትም ማንሳት መቻሌን በዓይኗ ታያለች፤ ካልቻልኩ እሱ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ይሄዳል። ባለቤቴ ይህን ስም ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ከተማችን የፒላቴስ ቤት አጥታ አይደለም። ቡና ቤት ከፍቶ የከሰረ ሁሉ አሁን የፒላቴስ ቤት ከፍቷል። ነገር ግን ሁሉም ከድልድዩ ማዶ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ባለቤቴን ለረዳት ትቼ የምወጣው ማክሰኞና ሐሙስ ረፋድ ላይ ለአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። በእግሬ የምደርስበት፣ ዮጋና ፒላቴስን በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ፣ ቀኑም ሰዓቱም የሚገጥምልኝ በዓለም ላይ አንድ ቦታ ተገኘ። እሱም በእርስዎ እጅ ያለው ሆነ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ትምህርቱን ስለደበቃችሁልኝ አመሰግናለሁ። በቀላሉ ያገኙትን ነገር ሰው ያቀልለዋልና ልክ ናችሁ። በድረ ገጻችሁ ላይ ስፖርት በሚለው ሥር ፈለግሁት፣ የለም፤ ጤና በሚለው ሥር ፈለግሁት፣ የለም፤ በሦስተኛው ቀን ከብሩሽ ጽሕፈትና ከአበባ አያያዝ ቀጥሎ አገኘሁት። ስልክ ብደውል የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ዮጋ እንጂ ፒላቴስ እንደሌለ ነገረችኝ፤ ሁለተኛዋ ፒላቴስ እንጂ ዮጋ የለም አለችኝ። ሦስተኛው የቆሻሻ ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ በስህተት ወደ እሱ አስተላልፈውኝ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የምዝገባውን ዕለት አንድም ሳያጓድል የነገረኝ እሱ ነው። ለዚህ ሰው ሹመት ይስጡልኝ፤ የርስዎ ወንበር ቢሆን አይከፋኝም።

ሁለተኛ፦ የምዝገባው ቀን ከሌሊት ልብሴ ወጥቼ በእግሬ እየተጎተትኩ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢያችሁ ደረስኩ። የሰው ዘር አልነበረም። አንደኛ ሆንኩ ብዬ ደስ ሲለኝ ከበሩ ጀምሮ ግድግዳውን ተከትለው የተሰለፉትን አየሁ። አሥራ ሰባት ቦርሳ፣ ሁለት የኪምቺ ጎመን ማስቀመጫ ዕቃ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ የተጫነበት አንድ የግራ እግር ነጠላ ጫማ ነበሩ። እኔም በአገራችን ወግ ያደግሁ ነኝና አላማረርኩም። ክሊኒክም አውቶቡስ ማቆሚያም ቦርሳዬን አስቀምጬ ውኃ ልጠጣ ሄጃለሁ፤ ቦርሳ ወረፋ የሚይዘው ባለቤቱ ስለሚመለስ ነው። ከነጠላ ጫማው ኋላ ቆምኩና ሦስት ሰዓት ሙሉ ባለቤቶቹን ጠበቅሁ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ጸሐፊዎ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ወጣና በየቦርሳው ኪስ ሻጥ ሻጥ አደረገ። ነጠላ ጫማው ውስጥም ሃያ ቁጥርን አኖረ። ለእኔ የደረሰኝ ሃያ አንድ ነው፤ ክፍሉ የሚይዘው ደግሞ ሃያ ሰው ነው፤ ይቅርታ፣ ሃያ ተመዝጋቢ። ከማለዳው ጀምሬ በአካል ቆሜ እንደነበር ሳስረዳው በትሕትና እንዲህ አለኝ፦ «እማማ፣ ቦርሳዎቹ'ኮ ከትናንት ጀምረው እዚሁ ናቸው። እርስዎ ዛሬ ነው የመጡት።» ድንጋይ ተሸክሞ ያደረ ጫማ በእርግጥም ከእኔ የበለጠ ለፍቷል።

ሦስተኛ፦ ምናልባት አንድ ሰው ቢቀር ብዬ በመጀመሪያው ማክሰኞ መጣሁ። በክፍሉ የመስታወት በር ሳይ ሃያ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ሰው የተቀመጠው አሥራ አንዱ ላይ ነው። በቀሩት ዘጠኝ ላይ ቦርሳዎች በክብር ተቀምጠዋል። መስኮቱ ሥር ያለው ምርጥ ቦታ ዚፑ የተበጠሰ ቡናማ ቦርሳ ይዞታል። ይህ ቦርሳ የወይዘሮ ቦንግ ነው። ወይዘሮ ቦንግ ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ሩቅ ቡሳን ከተማ ከሄዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቦርሳቸው ግን በየሦስት ወሩ ተሰልፎ ይመዘገባል፣ ስም ሲጠራም «አለች» ይባልለታል።

የሚያሰልፉትና የሚመልሱለት ወይዘሮ ፒዮ ናቸው፤ የክፍሉ ነባሮች «እትዬ» ብለው የሚሰግዱላቸው፣ አየር ማቀዝቀዣው እንኳ ከእሳቸው ፈቃድ ሳይወጣ የሚበርድላቸው። የቡሳኗ ሴትዮ እስኪመጡ ድረስ ምንጣፋቸው ላይ ልሥራ ብዬ ለመንኳቸው። «እህቴ፣ ቦታው'ኮ ባለቤት አለው» አሉኝ። «ቦንግ ድንገት ብትመጣ በምን ዓይኔ አያታለሁ?» ቀጥለውም ትከሻዬን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ የእኔ ገላ ሥራ የለመደ ስለሆነ ስፖርት እንደማያስፈልገው መከሩኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድስት ያነሳሁትም ሰውነቴን ለማሳመር ኖሯል።

ለእርስዎ በጽሑፍ አቤት አልኩ። የሰጡኝ መልስ እስከ ዛሬ ማቀዝቀዣዬ ላይ ተለጥፏል። መዝገቡ ሙሉ መሆኑን፣ የነባር አባላት መዋደድ የማዕከሉ ኩራት መሆኑን፣ አዲስ መጪዎችም ይህን ስምምነት እንዳያውኩ በአክብሮት እንደሚጠየቁ ይገልጻል። ስምምነቱን አላጋነኑትም። ቦርሳ ከቦርሳ ተጣልቶ አያውቅም።

አራተኛውን ከመጻፌ በፊት አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሰርቄያለሁ። በየማክሰኞውና በየሐሙሱ ኮሪደራችሁ ላይ በካልሲ ቆሜ፣ በመስታወቱ እያየሁ የሚሠሩትን ሠራሁ። የጽዳት ሠራተኛችሁ በመወልወያዋ እየዞረችኝ አለፈች፤ አንድ ቀን ካርቶን አምጥታ እግሬ ሥር አነጠፈችልኝ። አስተማሪቷ ወጣቷ ናሬ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምራ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ኮሪደሩ መልሳ ማስተማር ያዘች። «ከኋላ ያላችሁ፣ ስታነሱ ነው ትንፋሽ የምታወጡት፤ ጉልበት ይታጠፍ፣ ወገብ አይታጠፍ» ትላለች። ከኋላ ማንም አልነበረም። ከኋላ ያለሁት ከበሩ ውጭ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

የተማርኩትን ይዤ እየሮጥኩ ቤቴ ገብቼ ባለቤቴ ላይ እሞክረዋለሁ። እምብርቴን ሰብስቤ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ትንፋሼን አውጥቼ አነሳዋለሁ። በአምስተኛው ሳምንት ወንበሩ ላይ ሳስቀምጠው ሽቅብ አየኝና፣ «ዛሬ አላቃሰትሽም» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ስንት ሪባን እንደቆረጡ አላውቅም፤ ማዕከልዎ ከተከፈተ ወዲህ የሠራው ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ የተሠራውም እናንተ ሳታውቁ ነው።

ከአልጋ ማንሳቱን ቻልኩት። የቀረኝ ከመሬት ማንሳቱ ነው፤ ግንቦት ላይ ያሸነፈኝም እሱ ነው። ናሬ ባለፈው ሐሙስ ክፍሉን ስታሰናብት በሚቀጥለው ማክሰኞ ከመሬት ሸክም ይዞ የመነሳትን ሥልት እንደምትጀምር ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረች። ማክሰኞን እንደ ልጅ ቀን እየቆጠርኩ ጠበቅሁት።

አራተኛ፦ ማክሰኞ ስደርስ የመስታወቱ በር ከላይ እስከ ታች በነጭ ወረቀት ተሸፍኗል። ወረቀቱ ላይ «የተመዝጋቢዎችን ክብር ለመጠበቅ ሲባል ከውጭ ማየት ተከልክሏል» የሚል ማስታወቂያ፣ ከሥሩም የእርስዎ ማኅተም አለ። ወይዘሮ ፒዮ እንዳመለከቱ ሰማሁ። መዝገቡን መርምሮ ወይዘሮ ፒዮን ከመጠየቅ እኔን ማሳወር ቀለለዎት፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የዘጠኝ ቦርሳ ክብር እንዳይነካ አንዲት ሴት ባሏን ከመሬት ማንሳት ሳትማር ቀረች። ከወረቀቱ ኋላ የናሬ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ እግርና እጅን እንዴት እንደምታስቀምጥ ግን ድምፅ አያሳይም።

ተናድጄ ወደ ቢሮዎ ወጣሁ። ጸሐፊዎ መኖርዎን አረጋገጠልኝ። ማስረጃው ወንበርዎ ላይ የተሰቀለው ኮትዎ ነው። «ኮታቸው ካለ አሉ ማለት ነው» አለኝ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ኮትዎ አልተነቃነቀም፤ ትራሱ ብቻ ይርገበገባል። ያኔ ነው ሁሉ ነገር የገባኝ። ቦርሳን ሰው ነው ብሎ የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት፣ የሚመራው በኮት መሆኑን ቀድሜ መጠርጠር ነበረብኝ። በዚህ አጋጣሚ ስለ መስተንግዶው ኮትዎን አመሰግናለሁ፤ ቢያንስ አላንጓጠጠኝም።

ብዙ አልለምንም። የወይዘሮ ቦንግ ቦርሳ ወደ ባለቤቱ ቡሳን ይላክ፤ ምንጣፉ ይሰጠኝ። ይህ ስምምነቱን የሚያውክ ከሆነ ወረቀቱን ብቻ ይቅደዱልኝ፤ ኮሪደሩና ካርቶኑ ይበቁኛል። ሠራተኛዋ ቤታችን ልትመጣ የቀራት አሥራ ሁለት ቀን ነው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ከአልጋው ተነስቶ ቢወሰድ፣ ከመሬት መነሳት በየሳምንቱ የሚማሩት የዘጠኙ ቦርሳዎች ጤንነት እንደሚያጽናናኝ አይጠራጠሩ።

ኮትዎ ሳይጨማደድ፣ ትራስዎ ሳይደክም፣ ማኅተምዎ ሳይደርቅ ዘመንዎ እንዲረዝም ከልብ እየተመኘሁ፣ ይህ ደብዳቤ በእጅዎ ካልሆነም በኮትዎ ኪስ እንደሚደርስዎ አምናለሁ።

አክባሪዎ፣
ታክ ኦክቡን
ተራ ቁጥር ሃያ አንድ፣ ከነጠላ ጫማው ቀጥሎ

የተረሳ፦ ይህን ደብዳቤ ላደርስ ዛሬ ጠዋት ቢሮዎ ስመጣ በሩ ክፍት፣ ወንበርዎም ባዶ ነበር። ስለዚህ የባለቤቴን አሮጌ የመሣሪያ ቦርሳ ትራስዎ ላይ አስቀምጬ፣ ጸሐፊዎ የሰጠኝን ሃያ አንድ ቁጥር በኪሱ ሻጥ አድርጌ ወጥቻለሁ። በማዕከሉ ደንብ ቀድሞ የተገኘው እሱ ነውና ወንበሩ ለሦስት ወር የእሱ ነው። እባክዎ እንዳያነሱት፤ ቦታው ባለቤት አለው፣ ባለቤቴም ድንገት ቢመጣ በምን ዓይንዎ ያዩታል? እርስዎ ግን አይዘኑ። ኮሪደር ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ካርቶኑን አስቀምጬልዎታለሁ፣ የበርዎንም መስታወት በወረቀት አልሸፈንኩትም። ሥራ አስኪያጅነት እንደሆነ ከውጭ በመስታወት እያዩም ይለመዳል።