ለአጎቴ የተውኩት በር

ሰኞ፣ ጥር 9

አንድ ውሃ፣ አንድ ጠዋት፣ ሁለት ባለተራ! ዛሬ ስደርስ እትዬ ዘሃራና በሮቢት መንገድ በኩል የሚያርስ አንድ ገበሬ አካፋ ይዘው ቦዩ ላይ ተፋጠዋል። ሁለቱም ስልካቸውን አሳዩኝ። ሁለቱም ላይ «ተራዎ ሰኞ ጠዋት ነው» ይላል። የላከው ለመስኖው ውሃ ተራ እንዲያድል የሠራሁት የኔ ፕሮግራም ነው። እትዬ ዘሃራ ባላቸው ሞቷል፣ የሚከራከርላቸው የለም፤ ለቀቁለት። ሽንኩርታቸው ጫፉ ቢጫ ሆኗል።

የውሃ ማኅበሩ ሊቀመንበር አጎቴ ሐሰን ናቸው። በሰው ፊት «እስከ እሑድ ካላስተካከልሽው ተራ በእጅ ወደምንጽፍበት ደብተር እንመለሳለን» አሉኝ። ከክረምት ጀምሮ የለፋሁበትን!

ማክሰኞ

ጥፋቱን አገኘሁት። ሁለት ሰው ተራ ለመያዝ በአንድ ሰከንድ መልእክት ሲልክ ፕሮግራሜ ሁለቱንም እኩል ያስተናግዳል። ሁለቱም ዝርዝሩን ያያሉ፣ ክፍት ቦታ ያገኛሉ፣ ይጻፋሉ። ደደብ ሥራ፣ የኔው ሥራ።

አብራኝ የተማረችው ትርሃስ የላከችልኝን ትምህርት ከፈትኩ። አክተር ስለሚባል የፕሮግራም አሠራር ነው። እያንዳንዱ አክተር የራሱ የመልእክት ሳጥን አለው። በእጁ የያዘውን ማንም አይነካበትም፤ የፈለገ መልእክት ይጥልለታል፣ እሱም አንድ በአንድ ያነባል። ይህን ለማለት ይህን ሁሉ ገጽ? ግማሽ ላይ ስደርስ መብራት ሄደ።

ረቡዕ

መለማመጃው ሁለት አክተሮች ሰላምታ ይለዋወጡ ይላል። እኔ ደግሞ እንደ አገሬ ሰው አድርጌ ጻፍኳቸው። አንዱ «እንዴት ነህ?» ሲለው ሌላው «አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ?» ይላል። ያኛውም እንደዚያው። ማን ያቁማቸው? ላፕቶፑ ጋለ፣ ጮኸ፣ ደረቀ። በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም።

አንዱን «በል ደህና ዋል» እንዲል አደረግሁት። ቆሙ።

ሐሙስ

ወደ እውነተኛው ሥራ። አንድ አክተር ሠራሁ፣ ስሙ ተራ ሰጪ። ዝርዝሩ በሱ እጅ ነው። የሙከራ መልእክት ባንዴ አዘነብኩበት። አንድም ድርብ የለም! ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። እናቴ ከጓዳ «ምን ሁነሽ ነው?» አለችኝ። ውሃው ተስተካከለ አልኳት።

ዓርብ

ድርብ። ወላሂ ድርብ! ለነገ ጠዋት የእትዬ ዘሃራ ተራ ላይ ሌላ ስም ገብቷል። ኮዱን መስመር በመስመር አየሁ። ትርሃስ ጋ ደውዬ ጮህኩባት፣ ምስኪን ምን አደረገች። በመጨረሻ ወደ ሳጥኑ የገቡትን መልእክቶች ሁሉ ዘረዘርኩ። ያንን ስም ማንም አልላከውም። ታዲያ በየት ገባ?

በአጎቴ በር።

ክረምት ላይ «ስልክ መነካካት አልወድም፣ ለኔ ቀለል አድርጊልኝ» ብለውኝ ዝርዝሩ ላይ በቀጥታ የሚጽፉበት ገጽ ሰጥቻቸው ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ እንዴት እምቢ ልበል? ሐሙስ ሁሉንም ሳፈርስ ያንን ገጽ አልነካሁትም። ረስቼው ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት። አይቼው አለፍኩ፤ ይሉኝታ ነው።

የገባው ስም የሚስታቸው ወንድም ነው።

ቅዳሜ

በማለዳ ገጹንም ስሙንም ሰረዝኩ። ከሰው አፍ እንዳይሰሙ ቢሮ ሄጄ ራሴ ነገርኳቸው። ንዴቴ አልበረደም።

«አንቱ ይጽፉበት የነበረው ገጽ የለም። ውሃ ሲፈልጉ እንደ ሰው ሁሉ መልእክት ይላኩ።»

«ያሳደግሁሽን እኔን ተሰለፍ ልትይኝ ነው?»

«አዎ።»

«በይ ውጪልኝ» አሉኝ።

እትዬ ዘሃራ ማሳቸውን ብቻቸውን አጠጡ። ቦዩ ዳር ቆሜ ነበር። «ዛሬ የሚነጥቀኝ የለም?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። ይህን መጠየቃቸው ይበልጥ አናደደኝ።

እሑድ

የማኅበሩ ስብሰባ ላይ አጎቴ የደብተሩን ነገር አላነሱም። ሰላምም አላሉኝም። ሰው ሁሉ አየ።

ከሰዓት በኋላ ተራ ሰጪው ሳጥን ውስጥ ከሳቸው ቁጥር መልእክት ገባ። «ውሃ» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። ተራ ሰጪውም መለሰላቸው፦ አሥራ አንደኛ ነዎት፣ ሐሙስ ከሰዓት።

አሥራ አንደኛ! አንጀቴ አልቻለም። ወደ ሁለተኛ ላመጣቸው ላፕቶፑን ከፈትኩ፤ ጣቴ ሳላስበው ወደ ድሮው ገጽ ሄደ።

ገጹ የለም። ለኔም ዘግቼዋለሁ።