እማዬን ሊቀመንበር ያደረግንበት ማኅበር

ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ ያስወጣሻል? የባንድ መሪያችሁ ፊርሚን አሁንም ማርሽ ባንዱን ሲያስጠና ይጮህባችኋል? የእኔን ጤና ከጠየቅሽ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ግን ከራቀኝ ሰነበተ።

አምና እሑድ ምሳ ላይ ያስፈረምኩሽ የወዳጅነት ማኅበር ትዝ ይልሻል? «ምንድን ነው ደግሞ?» ስትይኝ «የመንደራችን ባንድ ከሩቅ አገር ባንድ ጋር የሚዋደድበት ነው» አልኩሽ። «እኔን ሊቀመንበር? ትሮምቦን ከመንፋት ሌላ ምን አውቄ!» ብለሽ ሳቅሽ። ግን ደስ ብሎሽ ነበር፤ አይቼሻለሁ።

እማዬ፣ እኔና አለቃዬ ሊቨን የምንሠራው ለዚያ አገር መንግሥት ነው። እዚህ ብራስልስ የፓርላማ አባል ሊያግባባ የሚሄድ ሰው ማን እንደሚከፍለው ማስመዝገብ አለበት፤ አባሉም ማንን እንዳነጋገረ ይፋ ያደርጋል። የመንደር ኮንሰርት የታደመን ግን ማን ይጠይቀዋል? በባንዳችሁ ኮንሰርት ላይ ከፓርላማ እንግዶቹ አጠገብ ያስቀመጥናቸው «የሙዚቃ ወዳጆች» የዚያ አገር ኤምባሲ ሰዎች ነበሩ። አንቺ ድንች ጥብሱ እንዳይበርድባቸው ስትሯሯጪ፣ እነሱ መንግሥታቸው የጠላውን ሕግ እንዴት እንደሚያስጥሉ ይነጋገሩ ነበር። በኋላም ሕጉን እንዲጥሉ ለፓርላማ አባላቱ በስምሽ ደብዳቤ ጻፍንላቸው። ስምሽን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አይጠረጥረውም ብዬ። እንዲህ ያለ ልጅ አልወለድሽም ነበር።

ባለፈው ሳምንት መርማሪዎች ጠሩኝ። ከመግባቴ በፊት ሊቨን ደረጃው ላይ ክንዴን ይዞ «አሮጊት ማን ያስራል? አንተ ግን ገና ልጆች ታሳድጋለህ» አለኝ። ልሰድበው ይገባኝ ነበር፤ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ውስጥ አንዲት ትሑት ሴትዮ ውሃ ቀድታልኝ፣ ሊቀመንበሯ ከማን ጋር እንደምትሠራ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። መልሴን ጻፈች፤ አመሰገነችኝም።

መርማሪዎቹ ሐሙስ አንቺ ዘንድ ይመጣሉ። አትደንግጪ፤ ፊርሚን አብሮሽ ይቀመጥ። የምታውቂውን ብቻ ንገሪያቸው። እኔን ለማዳን ብለሽ እንዳትዋሺ፤ አውቅሻለሁ፣ ታደርጊዋለሽ። «ልጄ የለበትም፣ ሁሉንም ያደረግሁት እኔ ነኝ» እንዳትዪ። እሱን እኔ ቀድሜሽ ብያለሁ፤ «እኔ የለሁበትም፣ ሁሉንም ያደረገችው እናቴ ናት» ብዬ።

እግዜር ጉልበትሽን ያበርታልኝ፤ የሚያጽናናሽ ሰው አያሳጣሽ።

ፊትሽን ማየት የከበደው
ልጅሽ